በስምምነት ብንፋታ ቤተ ክርስቲያን ትቀበለዋለች ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ከባለቤቴ ጋር በቅዱስ ቁርባን ነው የተጋባነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። ተጣልተን አይደለም፣ ግን አብረን መኖር አልቻልንም። ተስማምተን ልንፋታ ነው። ፍርድ ቤት ካፋታን በቤተ ክርስቲያንም ተፋታን ማለት ነው? መቁረብስ እችላለሁ?

መልስ፦ አይ እኅቴ፣ አልተፋታችሁም።

ፍርድ ቤት የሚያፈርሰው በሕግ ፊት ያለውን ጋብቻ ነው። እናንተ ግን የተጋባችሁት በሥጋ ወደሙ ነው፤ «እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው» የሚለው የጌታ ቃል (ማቴ. 19፥6) ዳኛ ፈርሞ ማኅተም ስላረፈበት አይሻርም። ቅዱስ ጳውሎስም ሚስት ከባሏ አትለይ፣ ብትለይ ግን ሳታገባ ትኑር፣ አለዚያም ትታረቅ ይላል (1ቆሮ. 7፥10-11)። ተለያይቶ መኖርና ሌላ ማግባት አንድ አይደሉም።

ሕጉንም ቢሆን ከሰፈር ወሬ አትስሚው። «ሽማግሌ ፊት ተፈራርመን ጨረስን» የሚሉ አሉ። ምንም አልጨረሱም! በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም። (ከእናንተ ትንሽ አለፍ ሲባል ኦሮሚያ ነው፤ ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው።) ተስማምታችሁ ስትፋቱ ምክንያታችሁን ተናገሩ ብሎ የሚያስገድዳችሁ የለም። ስምምነቱን ግን ጽፋችሁ ታቀርባላችሁ፦ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ቀለቡ ስንት እንደሆነ፣ ቤቱ ለማን እንደሚሆን፣ የባንክ ዕዳውን ማን እንደሚከፍል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። «ሰላሜ ይሻለኛል፣ ምንም አልፈልግም» ብላ የልጆቿን ቀለብ ትታ የምትፈርም እናት አለች፤ ይሄ ትሕትና እንዳይመስልሽ፣ ቀለቡ የልጆቹ እንጂ የሷ አይደለምና። ዳኛውም በነጻ ፈቃዳችሁ መስማማታችሁን ካላመነ አያጸድቀውም።

ደግሞ ወረቀት ስላስገባችሁ ወዲያው አያፋታችሁም። ሐሳባችሁን እንድትቀይሩ ያነጋግራችኋል፣ እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጣችሁ ይችላል። እኔን የሚገርመኝ፣ የማያውቃችሁ ዳኛ «እስቲ አስቡበት» ሲል፣ በቁርባን የተጋባን ሰዎች ለንስሐ አባታችን እንኳ ትንፍሽ ሳንል ማመልከቻ ማስገባታችን ነው።

«አልተጣላንም» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ካልተጣላችሁ ምንድን ነው ያቃታችሁ? መኮራረፍ ነው? ብር ነው? ቤተሰብ ጣልቃ እየገባ ነው? ይሄ ሁሉ በምክርና በጸሎት ሲፈታ አይተናል። ዱላ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ልጆችሽን ይዘሽ ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ውጪ፣ እየተደበደብሽ ቻይው የሚልሽ ቀኖና የለም። ዝሙት ከሆነም ጌታ ራሱ ለይቶ የተናገረበት ጉዳይ ስለሆነ (ማቴ. 19፥9) ቤተ ክርስቲያን አይታ ትወስናለች፣ አንቺ ብቻሽን አትወስኚም።

ስለ መቁረብ ለጠየቅሽው፣ መለያየት ብቻውን ከቤተ ክርስቲያን አያስወጣሽም። ቅዳሴሽን አታቋርጪ፣ ልጆችሽንም አቁርቢ። አንቺ የምትቆርቢበትን ጊዜ ግን ነገሩን ሰምተው የሚነግሩሽ ንስሐ አባትሽ ናቸው። ስለዚህ ጠበቃ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ደውይላቸውና ሁለታችሁም አብራችሁ ቅረቡ። እሱ አልሄድም ካለ አንቺ ብቻሽን ሂጂ።