ለገጻችን ፎቶ በምን እናስተካክል? ከደሴ፣ መብራት እስካለ ድረስ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ሰሞኑን «ጽሑፍ የምለጥፍበት ገጽ አለኝ፣ ፎቶዎቼን በምን ላስተካክል?» የሚለኝ ሰው በዛ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ ብዬ ዛሬ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ጠይቁኝ አልኩ። ቡናው ቀርቧል። መብራቱም እስካሁን አለ።

ጥ፦ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ልብስ እሸጣለሁ። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፣ እሱም ሞልቷል። አንድ አፕ ብቻ ምረጥልኝ ብልህስ?

መ፦ ስናፕሲድ። ማስታወቂያ የለውም፣ አንዴ ካወረድከው ያለ ዳታ ይሠራል። ድሮ በገንዘብ ነበር። በፈረንጆቹ 2012 ጉግል ሠሪውን ድርጅት ሲገዛው ነጻ አደረገው። አንተ የሚያስፈልግህ ጠርዙን መቁረጥ፣ የተጣመመውን ማቅናትና የጨለመውን ማብራት ነው፤ ሁሉም አለው። ከልብሱ ጀርባ ግድግዳው ላይ ሚስማር ከታየ «ሂሊንግ» የሚለውን ከፍተህ ነካ ነካ ስታደርገው ይጠፋል። ቀለሙን ግን አትነካካ። ቀዩን ቀሚስ አድምቀህ ለጥፈህ፣ ደንበኛዋ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ስትመጣ ሌላ ቀለም ከጠበቃት ምን ልትላት ነው?

ጥ፦ ፎቶሾፕ ሳልችል ይሆናል እንዴ? ጓደኛዬ በፍላሽ ሊሰጠኝ ነው።

መ፦ ያ በፍላሽ የሚዞረው ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ነው። ዋናው ፎቶሾፕ ከፈረንጆቹ 2013 ወዲህ አዲሱ የሚገኘው በየጊዜው እየተከፈለ ነው፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ከዚህ ሆኖ መክፈሉ ራሱ አንድ ሥራ ነው። ክራኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ» ይልሃል። ይህን ካለህ በኋላ ምን ትጠብቃለህ? እኔ አንዴ ጭኜው ፍላሾቼ ላይ ያለው ሁሉ ሾርትከት ብቻ ሆኖ ቀረ። የሰው የሠርግ ፎቶ ነበረበት። ሁለት ሌሊት ሳልተኛ ነው ያወጣሁት።

ፎቶሾፕን የሚመስል ነገር ካማረህ ፎቶፒ አለ። በብሮውዘር ነው የሚከፈተው፣ ምንም አትጭንም፣ የፎቶሾፕ ፋይልም ይከፍታል። ኮምፒውተርህ ላይ ጭነህ ያለ ኢንተርኔት ልሥራ ካልክ ጊምፕ አለልህ፤ ከፈረንጆቹ 1996 ጀምሮ በነጻ የሚሰጥ ነው። ግን ለመቁረጥና ለማሳነስ ብቻ ከሆነ፣ ሽንኩርት በገጀራ መክተፍ ነው የሚሆንብህ።

ጥ፦ ወንድሜ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስለ ሐይቅ ጽፌ ስምንት ፎቶ አስገባሁ። አሁን ሰው ሁሉ «አይከፈትም» ይለኛል። ፎቶዎቹን የበለጠ የሚያጠራ አፕ አለ?

መ፦ የቸገረህ ጥራቱ አይደለም፣ ክብደቱ ነው። ዛሬ ከሚጠየቀው ሁሉ ዋናው ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ስልክህ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ ካለው፣ የሚያነሳው ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች) ነው፣ አንዱ 4 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። ስምንቱ 32 ሜጋባይት መሆኑ ነው። ሰው ያንተን ጽሑፍ ለማንበብ 32 ሜጋባይት ዳታ ይከፍላል ማለት ነው፤ ደግሞ የሚያየው መዳፉን በምታህል ስክሪን ነው።

ስፋቱን ወደ 1200 ፒክስል አውርደው። ቁመቱ ራሱ 900 ይሆናል። አሁን ፎቶው ከነበረው ፒክስል አንድ አሥረኛው እንኳ አልቀረውም፣ ሲታይ ግን ያው ነው። ለዚህ ስኩሽ የሚባለውን ተጠቀም። የጉግል ክሮም ሰዎች የሠሩት ነው፣ በብሮውዘር ይከፈታል፣ ፎቶህም ወደ ሌላ ቦታ አይላክም፣ እዚያው ስልክህ ላይ ነው የሚሠራው። መሐል ላይ መስመር አለው፤ ግራውና ቀኙን እያስተያየህ ጥራቱን ትቀንሳለህ። እኔ ከ100 75 አካባቢ ላይ አቆማለሁ። አብዛኛው ፎቶ ከ200 ኪሎባይት በታች ይገባልኛል። የሣርና የቅጠል ፎቶ ግን አስቸጋሪ ነው፣ ዝርዝሩ ስለሚበዛ እንቢ ይላል።

ቅደም ተከተሉን አትርሳ። መጀመሪያ ቁረጥ፣ ከዚያ ብርሃኑን አስተካክል፣ ማሳነሱ መጨረሻ ነው። አንዴ ያነሰ ፎቶ መልሰህ ብታሰፋው የጠፋው አይመለስም።

ጥ፦ ፎቶዬን በየትኛው የፋይል ዓይነት ላስቀምጥ፣ ጄፔግ ወይስ ፒኤንጂ?

መ፦ ፎቶ ከሆነ ጄፔግ። ሎጎ፣ ስክሪንሾት ወይም ጽሑፍ ያለበት ምስል ከሆነ ፒኤንጂ። ጉግል በፈረንጆቹ 2010 ያወጣው ዌብፒ ደግሞ ከጄፔግ ይቀላል፣ ገጽህ ከተቀበለው ተጠቀምበት።

ጥ፦ ፎቶ ላይ አማርኛ ስጽፍ ሳጥን ሳጥን ይሆንብኛል። አንዳንዴ ደግሞ ጽሑፉ ይመጣል ግን ያስጠላል።

መ፦ እህቴ፣ ሳጥኑ የሚመጣው የመረጥሽው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። እነዚያ ያማሩ ጠምዛዛ ፎንቶች አብዛኞቹ የተሠሩት ለላቲን ፊደል ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል አውርጂ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ከዚያ አንድሮይድ ከሆነ ስልክሽ ፒክስልላብ በሚባለው አፕ ውስጥ የራስሽን ፎንት ማስገባት ትችያለሽ። ከጽሕፈት ቤት የመጣ የድሮ ፋይል ላይ ኮፒ አድርገሽ የላቲን ምልክት ዝብርቅርቁ ከወጣብሽ ደግሞ፣ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በሚያውቁበት የጋራ ኮድ፣ ስላልተጻፈ ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ ከዚያ በፊት ሁሉም በየራሱ መንገድ ነበር የሚጽፈው። እሱን እንደገና ከመጻፍ ውጪ ብዙም አትድከሚ።

ማስጠላቱስ? ብዙዎቻችን የማናስበው ነገር አለ። የኛ ፊደል የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው። «በላ» እና «ቡላ»ን የሚለየው አንዲት ጭረት ናት። ጽሑፉን አድቅቀሽ፣ ፎቶውን ደግሞ በጄፔግ አጥብቀሽ ካመቅሽው፣ ቅጥያዋ ትደበዝዝና ሰው የበላውን ቡላ ያደርገዋል። ስለዚህ ፊደሉ ጎላ ይበል፣ ሰያፍ አታድርጊው፣ ከሥሩ ጠቆር ያለ መደብ ጣይበት። ስልክሽን በክንድሽ ልክ አርቀሽ እዪው። ካልተነበበሽ ለሌላውም አይነበብም።

ጥ፦ ጠዋት የጦሳን ተራራ ሳነሳ ጭጋጉ ፎቶዬን ያደበዝዘዋል። በምን ላጥፋው?

መ፦ ስናፕሲድ ላይ «ዲቴይልስ» ውስጥ «ስትራክቸር» የሚለውን ትንሽ ከፍ አድርግ። ላይትሩም የሚባለው የስልክ አፕ ደግሞ ለዚሁ ብሎ የሠራው «ዲሄዝ» የሚባል ማስተካከያ አለው። ሲበዛ ሰማዩ ሽፍታ ያወጣል፣ ተጠንቀቅ። ለነገሩ ለምን ታጠፋዋለህ? የደሴ ጠዋት ያለ ጭጋግ ምኑ ደሴ ነው?

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ጭንቃችሁ የቀትር ፀሐይ ነው። ስታነሱ ስክሪኑ ላይ በጣም የበራውን ቦታ ንኩት። ፎቶው ጨለም ይልላችኋል፣ ይጨልም። የጨለመውን በኋላ ማብራት ይቻላል። ነጭ ሆኖ የተቃጠለውን ግን የትኛውም አፕ አይመልሰውም።

ጥ፦ የኔ ልጅ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። 300 የሚሆን የድሮ ፎቶ ስካን አስደርጌ አሁን አንድ በአንድ እያሳነስኩ ነው። ኮምፒውተሬ አሮጌ ዊንዶውስ 7 ነው።

መ፦ ኧረ ጋሼ፣ አይድከሙ። ኢርፋንቪው የሚባል አለ፣ ለግል ጥቅም ነጻ ነው፣ በጣም ቀላል ስለሆነ አሮጌ ኮምፒውተር አይከብደውም። ኢርፋን የሚባል ቦስኒያ የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ 1996 ያወጣው ነው። ከፍተው ከኪቦርዱ ላይ «ቢ»ን ሲጫኑ የጅምላ መሥሪያው ይመጣል። 300ውንም ፎቶ ያስገቡ፣ ስፋቱን 1200 ይበሉ፣ ያስጀምሩትና ቡናዎን ይጠጡ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ የሚያስቀምጥበትን ፎልደር አዲስ ያድርጉለት። እኔ አንዴ በዋናው ላይ ደርቤ አስቀምጬ፣ ትልልቆቹ ፎቶዎች በትንንሾቹ ተተክተው ቀሩ። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ጥ፦ ከጉግል ላይ ፎቶ አውርጄ፣ ላዩ ላይ ያለውን የባለቤቱን ስም ቆርጬ ብጠቀምስ?

መ፦ አይሆንም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው) ፎቶንም ይጠብቃል። ሰዎች እንድትጠቀምበት ፈቅደው ፎቶ የሚያስቀምጡበት ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ፈልግ፣ ፈቃዱን አንብብ፣ ያነሳውን ሰው ስም ጻፍ። እዚሁ ደሴ ያለውን የአይጠየፍ አዳራሽን ፎቶ የምትፈልግ ከሆነ ግን ባጃጅ ይዘህ ሂድና ራስህ አንሳው እንጂ!

ጥ፦ ቤቴን በፎቶ ላይ ሰው ሊያገኘው ይችላል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መ፦ ካሜራሽ ቦታ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት አዎ፣ ፎቶው ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ አጥፊው። ያነሳሽውን ደግሞ በስኩሽ ስታሳልፊው መረጃው ይራገፋል። በቴሌግራም እንደ ፋይል የተላከ ፎቶ ግን መረጃውን እንደያዘ ይሄዳል። ሌላም ልጨምር፦ ስልክ ቁጥር ወይም መታወቂያ ስትሸፍኚ በስልኩ ማርከር አትቀቢው፣ ብርሃኑ ሲጨመር ከሥር ይታያል። ድፍን ጥቁር ሳጥን አድርጊበት።

ጥ፦ ፊት የሚያለሰልሰው ፊልተርስ?

መ፦ እናትህ ካላወቀችህ በዝቷል።

ጥ፦ የኮምቦልቻው ልብስ ሻጭ ነኝ፣ ተመልሼ መጣሁ። ስናፕሲድን አወረድኩት። ሚስማሩ ጠፋ! ግን የቀሚሱ እጅጌም አብሮ ጠፋ።

መ፦ አብሽር። ከታች ያለችውን ወደ ኋላ የምትመልሰውን ቀስት ንካ። ከዚያ ፎቶውን በሁለት ጣት አቅርበህ አጉላው፤ በጎላ ቁጥር የምትነካው ቦታ እየጠበበ ይሄዳል። ሚስማሩን ብቻ ንካ፣ እጅጌውን ተወው።