የቆየ ፒካፕ ሲገዙ

ጥያቄ፦ በ1990 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ባለ 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቶዮታ ሃይሉክስ አዳማ ውስጥ ለሽያጭ ቀርቦልኛል። ቀለሙ አዲስ ነው፤ ቆጣሪውም ዝቅተኛ ኪሎ ሜትር ያሳያል። ብገዛው ይመክሩኛል?

መልስ፦ በዚህ ዕድሜ ቆጣሪው ብዙም አይታመንም። አዲሱ ቀለምም ዝገት ሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል (ሻጭ ያለ ምክንያት ቀለም አያስቀባም)፣ መኪናውን ጋራዥ አስገብተው ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም)፣ በተለይም ባሌስትራው (የብረት ንብርብር ስፕሪንጉ) የሚታሰርበት ቦታ፣ የተበየደ መሆን አለመሆኑን ያስመርምሩ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ነው፤ ይህ ሞተር ከመጠን በላይ ከሞቀ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ሞተሩ ሳይነሳ ራዲያተሩን ከፍተው ዘይት መኖር አለመኖሩን ካዩ በኋላ፣ ጭነት አስጭነው ወደ ኢተያ በሚወስደው ዳገት እየነዱ የሙቀት ጠቋሚውን ይከታተሉ። የታይሚንግ ቺንጋው (የሞተሩን ክፍሎች እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ቀበቶ) መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ ወጪውን ከዋጋው ያስቀንሱ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልተመሳሰለ ግን ድርድሩን ያቁሙ።