ከኤክስሬይ ክፍል ወደ ፕሮሲጀር ክፍል መዛወር፦ ከኮምቦልቻ ለጠየቅሽው እህት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ኮምቦልቻ ውስጥ ጀነራል ኤክስሬይ ላይ እየሠራሽ ነው። አሁን ደሴ፣ ሲ-አርም (በሕመምተኛው ዙሪያ የሚዞር ተንቀሳቃሽ የኤክስሬይ ማሽን) ይዘሽ በምስል እየታገዘ የሚሠራ ሕክምና ውስጥ የምትገቢበት ቦታ ተገኝቶልሻል። ሥራው በትክክል ምንድን ነው፣ ጨረሩ ልጅ እንዳልወልድ ያደርገኛል ወይ፣ ከኮምቦልቻ እየተመላለስኩ ልችለው እችላለሁ ወይ ብለሻል። ባለቤትሽም እናትሽም እንደፈሩ ጽፈሻል።

አብሽሪ። እኔ ደሴ ውስጥ በዚሁ ሥራ ዓመታት ቆይቻለሁ። ኦአር (ቀዶ ሕክምና ክፍል) ገብቼ ከአጥንት ሐኪሞች ጋር ሲ-አርም ይዣለሁ። ከራዲዮሎጂስት ጋር ሆኜ ከጉበት መግል ሲቀዳ፣ ኩላሊት ላይ ቱቦ ሲገባ፣ ናሙና ሲወሰድ ቆሜአለሁ። አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄጄም የደም ሥር ሕክምና የሚሠራበትን ክፍል አይቻለሁ። ከዚያ ያገኘሁትን ነው የምነግርሽ።

ኤክስሬይ ላይ አንቺ ከግድግዳ ጀርባ ነሽ። ሕመምተኛው ይገባል፣ ታነሺዋለሽ፣ ይወጣል። እዚህ ግድግዳው የለም። ሕመምተኛው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ሐኪሙ መርፌ ይዞ፣ አንቺ ማሽኑን እያንቀሳቀስሽ፣ ሁላችሁም አንድ ስክሪን ታያላችሁ። ትልቅ ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ የነበረው ነገር በመርፌ ቀዳዳ ያልቃል። የማህፀን ጫፍ ካንሰር የሽንት ቱቦዋን ዘግቶባት ኩላሊቷ ያበጠ እናት በጀርባዋ በኩል ቀጭን ቱቦ ይገባላትና ሽንቷ ወደ ከረጢት ይወርዳል። በነጋታው ፊቷን ስታዪው ሌላ ሰው ናት። እኔን በዚህ ሥራ ያቆየኝ ይኸው ነው።

ሕክምናው አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። በፈረንጆቹ ጥር 16 ቀን 1964 ቻርልስ ዶተር የሚባል አሜሪካዊ ራዲዮሎጂስት የ82 ዓመት አሮጊት ገጠሙት። እግራቸው ደም አጥቶ እየሞተ ነበር። ሐኪሞች ይቆረጥ ሲሉ እሳቸው እምቢ አሉ። ዶተር የጠበበውን የደም ሥር በቱቦ ከፈተላቸውና በእግራቸው ሄዱ። ደሴ ውስጥ በስኳር ምክንያት እግሩ የሚቆረጥ ሰው ባየሁ ቁጥር ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። የእኛ ሰው ለእንዲህ ያለው የደም ሥር ሕክምና ሪፈር ተጽፎለት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በ2014ቱ ጦርነት ደግሞ የአካባቢያችን ጤና ተቋማት ተዘርፈው ስንት ዕቃ ጠፋ። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚችል ሰው እዚሁ ሲበዛ ደስ ይለኛል፤ አድልቼ እንደምመክርሽ እወቂው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እዚያ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ዓይኑ የራሱ ሥራ ላይ ነው። ሐኪሙ መርፌውን ያያል። ሰመመን ሰጪው የሕመምተኛውን ትንፋሽ ያያል። ስክራብ ነርሷ (መሣሪያ የምታቀብለው) ዕቃዋን ትቆጥራለች። ጨረሩን የሚከታተል ግን የለም። እሱን የምትከታተይው አንቺ ነሽ። ብዙ ሰው የቴክኖሎጂስት ሥራ ማሽን መግፋትና "ሹት" ሲባል መተኮስ ይመስለዋል። አይደለም። ስንት ጨረር እንደወጣ፣ ማን ላይ እንዳረፈ፣ ማን ያለ አፕሮን (ጨረር የሚያግድ ሽርጥ) እንደቆመ የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ። ዝም ካልሽ ሌላ የሚናገር ሰው የለም።

ጨረሩ ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ። ሰው ሁሉ የሚፈራው የኤክስሬይ ቱቦውን ነው። አንቺ ጋ የሚደርሰው ግን አብዛኛው ከሕመምተኛው አካል ነጥሮ የሚመጣው ነው። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ መትቶ በየአቅጣጫው እንደሚፈናጠር በረዶ አስቢው። ስለዚህ ቱቦው ከአልጋው ሥር፣ ምስል ተቀባዩ ከላይ ይሁን። ያኔ የሚነጥረው አብዛኛው ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ዓይንና አንገት ይተርፋሉ። ሲ-አርሙ ወደ ጎን ሲዞር ደግሞ በቱቦው በኩል አትቁሚ፣ በምስል ተቀባዩ በኩል ሁኚ። የጭን አጥንት ስብራት ሲሠራ ማሽኑ ቀጥታና ወደ ጎን ሲመላለስ ይውላል። ሰው ግን መጀመሪያ የቆመበት ቦታ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ያንን ሰው ክንዱን ይዘሽ አዙሪው።

ርቀት ከሁሉም ይበልጣል፤ ዋጋም አያስከፍልም። ከሕመምተኛው 1 ሜትር ላይ ከነበርሽና 2 ሜትር ላይ ብትቆሚ የሚደርስሽ ወደ ሩብ ይወርዳል። 1 ሜትር ላይ የሚደርሰው ራሱ ሕመምተኛው ቆዳ ላይ ከሚያርፈው ከሺህ አንድ ገደማ ነው። 0.5 ሚሊ ሜትር ሌድ (እርሳስ) ያለው አፕሮን ደግሞ ከዚያ ላይ ከ90 በመቶ በላዩን ያስቀረዋል። ሦስቱን ስትደምሪው ፍርሃቱ ልክ ይይዛል። ምስል ተቀባዩን ወደ ሕመምተኛው አስጠጊ፣ ምስሉን የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ብቻ አጥብቢ፣ ማሽኑ ፐልስ (ጨረሩን ቆራርጦ የሚለቅበት ዘዴ) ካለው ዝቅተኛውን ተጠቀሚ። ስክሪኑ ላይ የቆመው የመጨረሻ ምስል ከበቃ ድጋሚ አትተኩሺ። የደም ሥር ተከታታይ ምስል ሲነሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዶዙ (የጨረሩ መጠን) ከተራው ፍሎሮስኮፒ (ፍሎሮ፣ ቀጥታ ስክሪን ላይ ከሚታየው የኤክስሬይ ምስል) እጅግ ይበልጣል። ያኔ መቅረት የሌለበት ሰው ብቻ ይቅር፣ ሌላው ይውጣ።

የከበደኝ ፊዚክሱ አልነበረም። መናገሩ ነበር። እኛ አገር ለትልቅ ሐኪም፣ ለዚያውም ወጣት ሴት ሆነሽ፣ "እጅዎን ያውጡ" ማለት ቀላል አይደለም። ሐኪሙ አጥንቱን ይዞ፣ እጁ ምስሉ መሃል ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሁሉም ያያል፣ ማንም አይናገርም። እኔ አንድ ዘዴ ያዝኩ። ሕመምተኛው ከመግባቱ በፊት፣ ሁሉም እጁን ሲታጠብ፣ በሰላምታ መልክ አነሳዋለሁ። "ዶክተር፣ እጅዎ ምስል ውስጥ ከገባ እነግርዎታለሁ፤ ጨረሩ የበራበትን ደቂቃም እጠራለሁ፤ ይፈቅዱልኛል?" አይሆንም ያለኝ የለም። ከፈቀደ በኋላ መሃል ላይ ስትናገሪው ድፍረት አይሆንም፣ የተስማማችሁበት ነገር ነው። ቃሌም አጭር ነው፦ "ዶክተር፣ እጅዎ።" ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ፍሎሮው በበራ በየ5 ደቂቃው ማሽኑ ይጮሃል። ጩኸቱን አጥፍቶ መቀጠል የተለመደባቸው ቦታዎች አሉ። አንቺ ስታጠፊው ጮክ ብለሽ "5 ደቂቃ ሆነ"፣ "10 ሆነ" በዪ። አንድ የአጥንት ሐኪም ነበሩ፤ መጀመሪያ ደቂቃ ስጠራ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። ጥቂት ወራት አለፉ። በኋላ እኔ ከመጥራቴ በፊት "ስንት ደረስን?" የሚሉት እሳቸው ሆኑ። ፔዳሉንም በአጭር በአጭሩ መርገጥ ጀመሩ። ያ ለውጥ እኔን ብቻ ሳይሆን ከሳቸው ጋር የሚገቡትን ሬዚደንቶችና ነርሶች ሁሉ ጠቀመ።

የአፕሮኑን ነገር ቸል አትበዪ። ኬዝ (የአንዱ ሕመምተኛ ሕክምና) ከመጀመሩ በፊት ሰውና አፕሮን ቁጠሪ። አፕሮኑ ካነሰ ሰው ይቀነስ፤ በዚህ ላይ አትደራደሪ። ለማየት ብቻ የመጣ ተማሪ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ያያል። አፕሮን አይታጠፍም፣ ወንበር ላይም አይጣልም፣ ይሰቀላል። ሲታጠፍ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል። ቢያንስ በዓመት አንዴ ሁሉንም በፍሎሮ ፈትሺ። የታይሮይድ መከላከያውን ሳታስሪ አትግቢ። ከባድ ነው፣ ሙሉው ከ5 ኪሎ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ወገብ ይጎዳል። ቀሚስና ሰደርያ ሆኖ ለሁለት የተከፈለ ካገኘሽ እሱን ምረጪ፣ ክብደቱ ዳሌሽ ላይ ያርፋል።

ባጁንም (የደረሰብሽን ጨረር የሚለካውን) ልበሺው። አንዱ ከአፕሮኑ ሥር፣ ሌላው አንገት ላይ ከውጭ። አንድ ቦታ ስሠራ ባጅ ይሰጠን ነበር፤ ውጤቱን ግን ማንም አሳይቶን አያውቅም። ፋይል ውስጥ ይገባና ያበቃል። ይህ ያናድደኛል። ውጤቱ የአንቺ ነው። በጽሑፍ ጠይቂ። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን ያስቀመጠው ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊ ሲቨርት (ሰው የሚያገኘው ጨረር መለኪያ) ነው፤ በየትኛውም አንድ ዓመት ከ50 መብለጥ የለበትም። ለዓይን ሌንስ ድሮ 150 ነበር፤ በፈረንጆቹ 2011 ወደ 20 እንዲወርድ መከሩ፤ ምክንያቱ የዓይን ሞራ ነው። ማንም ሰው፣ ኤክስሬይ አጠገብ ሳይደርስ፣ ከአፈሩና ከሰማዩ በዓመት በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊ ሲቨርት ገደማ ያገኛል። የራስሽን ቁጥር ከነዚህ ጋር አስተያዪው። ያኔ ወሬ አያስፈራሽም።

ልጅ መውለድን በተመለከተ ለእናትሽ ይህን ንገሪልኝ። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። "ኤክስሬይ የሚሠራ አይወልድም" የሚለውን ወሬ እኔም ሰምቼ አልቅሻለሁ። በትክክል የተጠበቀ ሠራተኛ የሚያገኘው መጠን ልጅ ከሚከለክለው መጠን እጅግ ያነሰ ነው። ጨረሩም ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ሰውነትሽ ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ ቤት አይሄድም፤ ባልሽንም ልጅሽንም አይነካም። ወተት ጠጪና ይወጣልሻል የሚሉሽም ይኖራሉ። ወተቱን ስለምትወጂው ጠጪ እንጂ የሚያወጣው ነገር የለም። ማርገዝሽን ስታውቂ ግን ወሩ ሳይገፋ ለኃላፊሽ በጽሑፍ አሳውቂ። ካሳወቅሽ ጀምሮ ለፅንሱ የተቀመጠው ወሰን 1 ሚሊ ሲቨርት ነው። ሆድሽ ላይ ከአፕሮን ሥር ተጨማሪ ባጅ ይደረግልሻል። እኔ አልትራሳውንድና ሲቲ መቆጣጠሪያ ክፍል ተዛውሬ ቆየሁ። ሐፍረት የለውም፤ መብትሽ ነው።

ሕመምተኛውን አትርሺው። ብዙ ጊዜ ነቅቶ ነው የሚተኛው፣ ሁሉንም ይሰማል። ከወረኢሉ፣ ከኩታበር፣ ከባቲ፣ ከከሚሴ የሚመጣ አለ። ኦሮምኛ ወይም አፋርኛ ብቻ የሚናገር ሲመጣ "ተንፍስ፣ ትንፋሽህን ያዝ" የሚለውን ካልቻልሽ ምስሉ ይበላሻል፣ ምስሉም በተጨማሪ ዶዝ ይደገማል። እነዚያን ጥቂት ቃላት ከጽዳት ሠራተኞቻችንና ከአስታማሚዎች ተምሬአለሁ፤ አንቺም ተማሪ። ኮንትራስት (ደም ሥርን በምስል ላይ የሚያሳየው መድኃኒት) ከመሰጠቱ በፊት አለርጂ ይጠየቅ፣ የኩላሊት ምርመራው ይታይ። በረመዳን ወይም በአብይ ጾም የመጣ ሰው ውሃ ሳይቀምስ ውሎ ሊሆን ይችላል። ለኩላሊቱ ጥሩ አይደለም፤ ቀድመሽ ለሐኪሙ ተናገሪ። ረጅም የደም ሥር ሥራ ላይ ቆዳው ላይ ያረፈው ጨረር 2 ግሬይ (የጨረር መለኪያ) ካለፈ መቅላት ሊጀምር ይችላል፤ አንዳንዴ ምልክቱ ሳምንታት ቆይቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ዶዙን ካርዱ ላይ ጻፊ። ሰውየው አገሩ ሄዶ ጀርባው ቢቀላ "የሰው ዓይን ነው" ብሎ እንዳይቀመጥ ለአስታማሚው ቀድመሽ አስረጂው።

የቀሩትን በአጭሩ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስቱንም ሳትጨርሺ አትግቢ፤ ደም አለ፣ መርፌ አለ። መብራት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ፤ ኬዝ ከመጀመሩ በፊት ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳለው የሚጠይቅ ሰው ይኑር፣ ከሌለ አንቺ ጠይቂ። ምስሎቹንም በየመሃሉ ሴቭ አድርጊ።

መመላለሱን በተመለከተ። ኮምቦልቻና ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ቀን ቀን ችግር የለውም። ዱቲ (ተረኛ) ስትሆኚ ግን አይሆንም። ሌሊት ስብራት ሲመጣ ይደወልልሻል። በመሃል ባለው ሐረጎ ዳገት ላይ በክረምት ጉሙ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ በዚያ ሰዓት ታክሲም የለም። የዱቲ ሳምንት ደሴ የምታድሪበት ቤት ያስፈልግሻል። ከሌላ ዱቲ ከሚገባ ባልደረባ ጋር ክፍል መጋራት ይቻላል፤ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የጀመርነው። ከመፈረምሽ በፊት ኃላፊዋን ይህን ጠይቂ፦ ዱቲ በወር ስንቴ ነው? አፕሮንና የታይሮይድ መከላከያ ለስንት ሰው አለ? ባጅ በየስንት ጊዜው ይቀየራል፣ ውጤቱን ማየት ይቻላል ወይ? መልሱን ይዘሽ ነይና እዚሁ ጻፊው፤ አብረን እናየዋለን።