«የአካል ጉዳት ድጎማ እየተቀበልክ እንዴት ትሠራለህ?» ላሉህ

ሥራ ስታመለክት ቀጣሪዎች ይህን ብለው እምቢ ካሉህ፣ ድጎማ መቀበልህ ብቻውን መሥራት አለመቻልህን አያሳይም። መጠየቅ የነበረባቸው ተመጣጣኝ ማመቻቸት (ለጉዳትህ የሚስማማ የሥራ ቦታ ወይም አሠራር ማስተካከያ) ቢደረግልህ ሥራውን መሥራት ትችል እንደሆነ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 27 የቅጥር አድልዎን ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 የማኅበራዊ ጥበቃ መብትን ያረጋግጣል። አንዱን ስታገኝ ሌላው ይቅርብህ አይልም።

1. እምቢታውን በጽሑፍ ጠይቅ። በስልክ ብቻ ከነገሩህ አንተው ኢሜይል ላክ፦ «ያላችሁኝ ይህ ነው፤ ከተሳሳትኩ አርሙኝ»። ዝም ቢሉም የላክኸው ይጠቅምሃል።
2. አቤቱታህን አታዘግይ። ቀነ ገደቡ ብዙ ጊዜ አጭር ነው።

ብዙ ሰው ሲቸገር ያየሁት ግን ከተቀጠረ በኋላ ነው። ደመወዙን ለድጎማ ከፋዩ ቢሮ ሳያሳውቅ ይቆያል፤ ከዚያ ቢሮው «የተቀበልከውን ገንዘብ መልስ» ይለዋል። የሥራ ውሉን ሳትፈርም ድጎማው ሳይነካ ማግኘት የምትችለውን የገቢ ጣሪያ ቢሮውን ጠይቅ፣ ያሳወቅክበትንም ደብዳቤ ኮፒ ያዝ።