ሶበር ሊቪንግ ቤት፦ ፈቃዱ ብቻ ይበቃል? (ጥያቄና መልስ)

ፊኒክስ፣ አሪዞና ነው የምኖረው። ከሱስ ሕክምና የሚወጡ ሰዎች ማረፊያ ሲፈልጉ አግዛለሁ። የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሶበር ሊቪንግ የሕክምና ተቋም ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከመጠጥና ከዕፅ ርቀው የሚኖሩ ሰዎች አብረው የሚከራዩት ቤት ነው። ሕክምናው ሌላ ቦታ ነው። ነገር የሚበላሸው ቤቱና ክሊኒኩ ሲሻረኩ ነው።

ጥያቄ፦ አሪዞና፣ እናንተ ጋ፣ በነዚህ ቤቶች ተፈጠረ የተባለው ማጭበርበር ምን ነበር? ዜናው አልገባኝም።

መልስ፦ ደላሎች በቫን ናቫሆና ሌሎች ነባር ሕዝቦች ወደሚኖሩበት እየሄዱ፣ «ነፃ ቤትና ምግብ አለ» እያሉ ሰው ጭነው ያመጡ ነበር። ክሊኒኩ ላልሰጠው ሕክምና ሜዲኬይድን (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሸፍነውን የጤና መድን) ያስከፍላል፤ ለቤቱ ባለቤት ደግሞ በሰው ቁጥር ይከፍለዋል። አንዳንዱ ቤት መጠጥ ያቀርብ ነበር፤ ሰውየው ከዳነ ገቢው ይቀራላ! በግንቦት 2023 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው) የግዛቱ መንግሥት መጀመሪያ ከ100 በላይ ለሆኑ የሕክምና ድርጅቶች የሚከፈለውን ክፍያ አገደ። ደግ አደረገ። ግን ቤቶቹ ሲዘጉ ነዋሪው ጓዙን ይዞ መንገድ ላይ ቀረ። ናቫሆዎች «ኦፕሬሽን ሬይንቦ ብሪጅ» ብለው ወገኖቻቸውን ሲያፈላልጉ ከረሙ። ስለዚህ አዲስ ሕግ ሲመጣ መጀመሪያ የምፈልገው አንድ መስመር ነው፦ ቤቱ ሲታሸግ ሰዎቹ የት ያድራሉ?

ጥያቄ፦ ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረም እንዴ?

መልስ፦ ነበር እንጂ። ሕጉ የወጣው በ2018 ነው። ያለ ፈቃድ የሚሠሩም ሞልተው ነበር። ደግሞ ፈቃድ የሚሰጠው የጤና መምሪያው ነው፤ የክሊኒኩን ሂሳብ የሚከፍለው ሌላ መሥሪያ ቤት። ሌባው በሁለቱ መሀል ሾለከ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ ሜሪላንድ ነን። ታናሽ ወንድሜ በዚህ ሳምንት ከሕክምና ይወጣል። ማረፊያ ቤቱን የሚያከራዩትን ምን ልጠይቃቸው?

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃው፣ እህቴ። ግዛታችሁ ለእንዲህ ያሉ ቤቶች የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል፤ አሳዩኝ በያቸው። ኪራዩን ማን ነው የሚከፍለው? ደረሰኝና የተጻፈ ውል አለ? «እዚህ ክሊኒክ ካልሄድክ ትወጣለህ» ይሉታል? ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን (የኦፒዮይድ ሱስ ማከሚያ መድኃኒቶች) የሚወስድ ከሆነ ይቀበሉታል? ናርካን፣ ማለትም ኦፒዮይድ ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው የሚያድነው መድኃኒት፣ ቤት ውስጥ አለ? አንድ ቀን ቢያገረሽበት በሌሊት ያስወጡታል ወይስ ወደ ሕክምና ያደርሱታል? የኢንሹራንስ ካርዱን እኛ እንያዝልህ ካሉት ግን አታስገቢው። «ቤታችን ከገባ ገንዘብ እንሰጣለን» የሚል ደላላ ከመጣም ጉቦ ነው፤ ከ2018 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል።

ኦክስፎርድ ሃውስ ስለሚባሉት፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ስለሚያስተዳድሯቸው ቤቶችም ጠይቂ። የመጀመሪያው ቤት የተከፈተው እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ በ1975 ነው። አለቃ የለም፤ ነዋሪዎቹ ተከፋፍለው ይከፍላሉ፣ በድምፅ ይወስናሉ፣ ወደ መጠጥ የተመለሰ ይወጣል። ይከብዳል፣ ግን ማንም በማንም አይነግድም።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን እንዲህ ያለ ቤት ሊከፈት ነው። ለመከልከል ፊርማ እያሰባሰብን ነው።

መልስ፦ የእኔን አትቁጠሩ። በማገገም ላይ ያለ ሰው በፌዴራል የቤት ሕግ ጥበቃ አለው፤ በዋሽንግተን ግዛት ያለችው የኤድመንድስ ከተማም ከኦክስፎርድ ሃውስ ጋር በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክራ ተረትታለች። የእሳት መውጫ፣ የአልጋ ብዛት፣ ኃላፊ የሚገኝበት ስልክ ጠይቁ፤ እሱ መብታችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ቤቱ የሚያሳየው የፈቃድ ወረቀት ሐሰተኛ ቢሆንስ?

መልስ፦ የቤቱን ስም ይዘህ ወደ ግዛቱ ጤና መምሪያ ደውል። ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ግን አይደለም።