10.9 የሚያሳይ የ12 ቮልት መስመር፦ ፓወር ሰፕላዩ ከመቀየሩ በፊት

ጠያቂው ወንድማችን ያቀረቡት ጉዳይ ባጭሩ የሚከተለው ነው። የጫኑት የሃርድዌር መከታተያ ፕሮግራም ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) የሚያወጣውን የ12 ቮልት መስመር 10.896፣ አንዳንዴም 10.848 እያለ ያሳያቸዋል፤ ባዮስ (የማዘርቦርዱ የራሱ ፕሮግራም) ውስጥ ሲገቡ ግን ይኸው መስመር 11.98 ነው። ቮልቴጁን የሚያነበው ቺፕ ኑቮቶን የተባለ አምራች መሆኑን ፕሮግራሙ ይገልጻል፣ ኮምፒውተሩም በሥራ መሀል አይጠፋም። ያማከሩት ሻጭ ግን «ፓወር ሰፕላዩ ደክሟል፣ ይቀየር» ብሏቸዋል። በመጨረሻም የመብራቱ መዋዠቅ ምክንያት ይሆን እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ በጥገና ሥራ ላይ ይህንኑ ጥያቄ ደጋግሜ ስላየሁት፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ስሌቱን አብረን እንድናየው እወዳለሁ፤ ከጻፏቸው ቁጥሮች ብቻ እንኳ ብዙ ነገር ይታወቃልና።

ማዘርቦርዱ ላይ ቮልቴጅ የሚያነበው ሱፐር አይኦ የሚባለው ቺፕ ነው። የእርስዎን የመሰሉ አዳዲሶቹ የኑቮቶን ቺፖች ከ0 እስከ 255 ብቻ የሚቆጥሩ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ቁጥር 8 ሚሊቮልትን ስለሚወክል ከ2.04 ቮልት በላይ የሆነውን በቀጥታ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ የቦርዱ አምራች 12 ቮልቱን በሁለት ሬዚስተሮች ከፋፍሎ ትንሹን ድርሻ ብቻ ወደ ቺፑ ያስገባል፤ ፕሮግራሙም ያነበበውን መልሶ ያባዛዋል። ችግሩ በስንት ማባዛት እንዳለበት ቺፑ የማይነግረው መሆኑ ነው። አንዱ ቦርድ 56 ኪሎኦምና 10 ኪሎኦም ከተጠቀመ ማባዣው 6.6 ይሆናል (ድምራቸው 66 ለ10 ሲካፈል)፤ 110 ኪሎኦምና 10 ኪሎኦም በተጠቀመ ሌላ ቦርድ ላይ ደግሞ ማባዣው 12 ይሆናል። የባዮሱ አዘጋጅ የቦርዱ አምራች ስለሆነ ትክክለኛውን ቁጥር ያውቃል፤ ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ግን ቦርዱን ለይቶ ካላወቀው በተለመደው ማባዣ ይሠራል።

አሁን ወደ እርስዎ ቁጥሮች እንመለስ። በ10.896 እና በ10.848 መካከል ያለው ልዩነት 48 ሚሊቮልት ነው፤ ይህንን ለ8 ብናካፍለው 6 እናገኛለን። ፕሮግራሙ በ6 እያባዛ መሆኑን ዝላዩ ራሱ ነገረን ማለት ነው። 10.896ን ለ6 ስናካፍል ቺፑ ያየው 1.816 ቮልት ሆኖ ይወጣል፤ እርሱን በ6.6 ስናባዛው ደግሞ 11.986 ይሆናል፤ ባዮሱ ያሳየዎት ቁጥር እርሱ ነው። በእኔ ግምት ፓወር ሰፕላዩ ምንም አልሆነም።

ይሁን እንጂ ግምት ግምት ስለሆነ በመልቲሜትር (በእጅ በሚያዝ የቮልቴጅ መለኪያ) መረጋገጥ አለበት። መልቲሜትሩን በዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገው፣ ኮምፒውተሩ እየሠራ ጥቁሩን ጫፍ በጥቁር ሽቦ፣ ቀዩን ጫፍ በቢጫ ሽቦ ላይ ያሳርፉ። ከተቻለ ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ በሚገባው ባለ 24 ፒን ሶኬት ጀርባ በኩል ይለኩ፤ 12 ቮልቱ በ10ኛውና በ11ኛው ፒን ላይ ነው። ቺፑ የሚያነበው ቦርዱ ላይ የደረሰውን ቮልቴጅ በመሆኑ፣ በሌላ ኬብል ጫፍ ላይ የተለካው ትንሽ ሊለይ ይችላል። ጫፉ እንዳይንሸራተትና ሁለት ፒኖችን እንዳያገናኝ ይጠንቀቁ፤ እጅዎን የማያምኑ ከሆነ በሞሌክሱ (ባለ አራት ፒኑ) ሶኬት መለካት ይሻላል። የመልቲሜትሩ ባትሪም አዲስ ይሁን፤ ርካሾቹ መለኪያዎች ባትሪያቸው ሲደክም ከእውነተኛው ከፍ አድርገው የማሳየት ጠባይ አላቸው። የሶፍትዌሩንና የመልቲሜትሩን ንባብ በአንድ ቅጽበት ይመዝግቡ፤ አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ ሥራ ፈቶ ሳለ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ በሙሉ ጫና ላይ ሳሉ። በዚህ ጊዜ ሌላ ማንኛውም የመከታተያ ፕሮግራም ተዘግቶ ይቆይ፤ ሁለት ፕሮግራሞች ቺፑን በአንድ ላይ ሲያነቡ ቁጥሩ ያለምክንያት ሊዘል ይችላል።

መልቲሜትሩ ለምሳሌ 11.99 ካለና ፕሮግራሙ 10.896 ካሳየ፣ 11.99ን ለ10.896 ሲያካፍሉ 1.1004 ያገኛሉ። በጫናም ጊዜ ውጤቱ ወደ 1.1 የሚጠጋ ከሆነ፣ ጉዳዩ የማባዣ ስሕተት ብቻ መሆኑ ተረጋገጠ፤ 6.6 ለ6 ሲካፈል በትክክል 1.1 ነውና። ኤችደብሊውኢንፎ የተባለውን መከታተያ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ በሴንሰሩ ቅንብር ውስጥ ለእያንዳንዱ መስመር የሚባዛና የሚደመር ቁጥር ማስገቢያ ቦታ አለ፤ በሚባዛው 1.1 ያስገቡ፣ የሚደመረውን 0 ይተዉት። በሊኑክስ ኤልኤም ሴንሰርስ በተባለው ፕሮግራም ላይ ደግሞ በቅንብር ፋይሉ ኮምፒዩት በሚለው መስመር ሁለት ቀመር ይጻፋል፤ አንዱ ከቺፑ ንባብ ወደ እውነተኛው ቮልቴጅ የሚወስደው፣ ሁለተኛው ለማስጠንቀቂያ ገደቦች የሚያገለግለው የግልባጩ ነው።

ብዙ ሰዎች የጎደለውን 1.09 ቮልት ደምረው ያልፉታል፤ እኔ ግን ይህን አልመክርም። ሥራ በፈታ ጊዜ ንባቡ ልክ ይመስላል፤ ነገር ግን እውነተኛው ቮልቴጅ ወደ 11.40 ቢወርድ ፕሮግራሙ ወደ 10.36 ስለሚያነበው፣ ተደምሮበት 11.45 ሆኖ ይታያል። ለረጅም ጊዜ በተሠራበት የኤቲኤክስ (የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ) መስፈርት የ12 ቮልቱ መስመር በ5 ከመቶ ወደላይም ወደታችም ሊለያይ ስለሚችል፣ 11.40 የመጨረሻው ዝቅተኛ ወለል ነው፤ ማወቅ የምንፈልገው ደግሞ በዚያው ወለል አጠገብ ያለውን ነው። መልቲሜትሩም ራሱ 10.9 ካለ ግን የሻጩ ምክር ትክክል ነው፤ ያን ጊዜ ሶፍትዌሩን ማስተካከል ችግሩን መሸፈን ብቻ ይሆናል።

ከተስተካከለ በኋላ ንባቡ በ53 ሚሊቮልት ገደማ እየዘለለ፣ 11.986 ከዚያም 11.933 እያለ ቢታይ አይደንግጡ። ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ መታየቱ ያን ያህል ጥራት አለ ማለት አይደለም፤ በሁለቱ ዝላዮች መካከል ያለውን ቺፑ ጨርሶ አያየውም። ሬዚስተሮቹም የየራሳቸው መዛነፍ ስላላቸው፣ ማባዣውን ከነጥብ በኋላ እስከ አራተኛው አሃዝ ለማሳመር መድከም አይገባም።

ይህን 1.1 በሌሎቹ መስመሮች ላይ አይጠቀሙ። የ5 ቮልቱ መስመር የራሱ ሬዚስተሮች ስላሉት በቀይ ሽቦ ላይ ለብቻው ይለካ። በእነዚህ ቺፖች 3.3 ቮልቱና የባዮስ ባትሪው በቺፑ ውስጥ ለሁለት ስለሚከፈሉ አብዛኛውን ጊዜ ማስተካከያ አይፈልጉም፤ ሁሉም መስመሮች በአንድ መጠን ተዛንፈው ካገኟቸው ግን ጥርጣሬው ወደ ቺፑ ወይም ወደ መልቲሜትሩ ይዞራል። የፕሮሰሰሩ ቮልቴጅ ብዙውን ጊዜ ያለመከፋፈያ በቀጥታ ስለሚገባ አይንኩት። የኔጌቲቭ 12 ስም ተሰጥቶት የማይታመን ቁጥር የሚያሳይ መስመርም ካለ፣ ፒኑ ከምንም ጋር ያልተገናኘ ሊሆን ስለሚችል ከዝርዝሩ ይደብቁት።

በጥያቄዎ መጨረሻ ስለ መብራቱ መዋዠቅ ያነሡትን በተመለከተ፣ የግድግዳው 220 ቮልት ወደ 190 ቢወርድ የ12 ቮልቱ መስመር በዚያው ልክ አይወርድም፤ ፓወር ሰፕላዩ ውጤቱን እየተከታተለ ያስተካክለዋልና። ከአቅሙ በላይ ሲሆን ኮምፒውተሩ ይጠፋል እንጂ ቀኑን ሙሉ 10.9 ላይ አይቆምም።