ግመል የሚበላው ሳርዲን

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? የምሠራው ኦማን፣ ሳላላ ነው። ባሕሩ ዳር ትንንሽ ዓሣ እንደ በርበሬ አሸዋ ላይ ተሰጥቶ ዐየሁና ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «ለግመል ነው» አሉኝ። ቀልደውብኝ ነው? ደግሞስ አገር ቤት በጣሳ የምንገዛው ሳርዲን እሱ ነው? ውሃ ውስጥ ሁሉም ባንዴ ሲታጠፉ ማነው የሚያዛቸው?

መልስ፦ አልቀለዱብሽም እህቴ። ሳላላ ባለችበት በዶፋር ግዛት ውስጥ የደረቀ ሳርዲን የግመልና የከብት መኖ ነው። ሣር ሲጠፋ ግመሉ ዓሣ ይቆረጥማል!

ያየሽው የሕንድ ዘይት ሳርዲን የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። ስንዝር ቢሆን ነው፣ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ዕድሜውም ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። የጣሳውን ጀርባ እስቲ እዪው፤ ከሞሮኮ የመጣ ከሆነ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ እኔ የለሁበትም።)

እዚያ የሚበዛው በኸሪፉ፣ ማለትም በክረምቱ ነፋስ ምክንያት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚነፍሰው ነፋስ የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው ያርቀዋል፣ በምትኩ ከሥር ቀዝቃዛና ለም የሆነ ውሃ ይወጣል፣ ያኔ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የባሕር ዕፀዋት ልክ እንደ ክረምት አረም ይፈላሉ። ሳርዲኑም አፉን ከፍቶ መዋኘት ነው። ስንጥቡ (ውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት) ላይ ጥቅጥቅ ያሉ ቀጫጭን ዘንጎች አሉት፤ ልክ እንደ ወንፊት ውሃውን አሳልፈው ምግቡን ያስቀሩለታል። ጠግቦ ሲሰባ ዘይቱ ይበዛል፣ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው።

ልጅ ማሳደግ ብሎ ነገር ግን የለም። ሴቷ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ውሃው ላይ ትለቃለች፣ ወንዱ ዘሩን ይረጭበታል፣ በቃ። በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። አብዛኛው ሳያድግ ይበላል።

የሚያዛቸውን በተመለከተ፦ ማንም! አለቃ የላቸውም። እያንዳንዱ አጠገቡ ያሉትን ብቻ ነው የሚከታተለው። አንዱ ሲታጠፍ የብር ጎኑ ብልጭ ይላል፣ ጎረቤቱ ያይና ይከተላል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ መንጋው በቅጽበት ይዞራል። ዓይን ብቻም አይደለም። ብዙ ዓሦች የውሃን ንዝረት የሚሰሙበት መስመር ጎናቸው ላይ አላቸው፤ የሳርዲን ግን ጭንቅላቱ ላይ ብቻ ነው። ሲመሽ መተያየት ያቅታቸዋል፣ መንጋውም ይላላል። ስለዚህ ያንን ትርዒት ደግመሽ ማየት ካማረሽ በቀን ሂጂ።